በኪራይ ቤት የተነሣ ጽዋ

የድንጋዩን ቤት መጀመሪያ ያየሁት በስልኬ ላይ ነው። ከትክል ድንጋይ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ በጣሊያን ጊዜ ለአንድ ሹም የተሠራ ቪላ። ጥርብ ድንጋይ፣ ቅስት መስኮት፣ ሰፊ በረንዳ፣ ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ትልቅ ሾላ። ለዓመታት ጣራው ወድቆ የሌሊት ወፍ ሲፈነጭበት ኖሮ፣ አንድ የጎንደር ነጋዴ አሳድሶት ለእረፍት ለሚወጣ ቤተሰብ ያከራየዋል። ፎቶውን ሳይ ልቤ ስፍስፍ አለ። እኛ የምንኖረው ጎንደር ከተማ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ የጎረቤት ቴሌቪዥን ድምፅ ግን አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅ።

«ለሦስት ቀን ተከራየሁት» አልኩት ለባሌ። ባሌ አስተማሪ ነው፤ ዝምታ ይችልበታል። «ሸጋ» አለና ወደሚያርመው ደብተር ተመለሰ።

እናቴ ግን አልተመለሰችም። ቅዳሜ ልጠይቃት ቤቷ ብሄድ ያዘችኝ።

«ሙሉ ቤት ነው? ግቢ ያለው?»

«አዎ እማ።»

«በሩ የብቻው ነው?»

«የብቻው ነው።»

«አከራይ አብሮ የለም?»

«የለም አልኩሽ እኮ! ስንት ጊዜ ልንገርሽ?»

እኔ ተናዳጅ ነኝ፤ ይህን ደብቄ ምን አመጣለሁ። ያን ቀንም ጥያቄው ስለበዛብኝ ጮህኩባት። ለምን እንደምትጠይቅ ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም።

አባቴ መሪጌታ ነበር። ከጎንደር አድባራት በአንዱ ድጓ ሲያስተምር ኖሮ ሞተ፤ መጻሕፍት ትቶልን ሄደ፣ ቤት ግን አልተወልንም። ስምንት ጊዜ ቤት ስንቀይር አስታውሳለሁ፤ ሁሉም ከአከራይ ጓሮ ያለች አንዲት ክፍል። «ሰው አታብዙ፣ ማታ በር አታንኳኩ፣ እዚያ ጋ ውኃ አትድፉ።» በእኛ አገር ሰው ወደ ግቢ ሲደርስ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፣ የቤቱ እመቤት ከውስጥ «ደጆች!» ትላለች። በእኛ ግቢ የምትመልሰው ሁልጊዜ አከራይቱ ነበረች። የሚጣራው ሰው እኛን ፈልጎ የመጣ እንኳ ቢሆን መላሿ እሷ ናት። እናቴ አፏን ከፈት አድርጋ መልሳ ስትገጥመው ስንት ጊዜ አይቻለሁ!

ከሁሉ የሚያንገበግባት የማኅበሯ ነገር ነበር። ጽዋ ማኅበር ላይ ጽዋውን ያነሣ ሰው ተረኛ ይሆናል፤ ጽዋውን ቤቱ ወስዶ አስቀምጦ፣ ቀኑ ሲደርስ ቤቱን ከፍቶ ይደግሳል። እናቴ ተራዋ ሲደርስ ጠላዋን ጠምቃ፣ ዳቦዋን ደፍታ፣ ተሸክማ ሌላ ማኅበርተኛ ቤት ትሄዳለች። ደጋሿ እሷ፣ በር ላይ ቆማ «ግቡ» የምትለው ሌላ ሴት። አርባ ዓመት እንዲህ ነው የኖረችው። እኔ ዘንድ መጥታ እንድትኖር ብለምናት ደግሞ «የልጅ ቤት የአማች ቤት ነው» ብላ እምቢ አለችኝ። ኩራቷ ለብቻው ነበር።

ሐሙስ ቀን፣ በግንቦት ልደታ ዋዜማ፣ ሁለቱን ልጆች ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ፣ እናቴንም ይዘን ሄድን። እናቴ የያዘችው ዕቃ የሦስት ቀን አልነበረም። የራሷ መጥረጊያ፣ ሁለት ድፎ ዳቦ፣ ደግሞ ግድግዳዋ ላይ የነበረው የእመቤታችን ሥዕል፤ መስተዋቱ እንዳይሰበር በነጠላ ተጠቅልሎ።

«ሥዕሉ ምን ሊሠራ?» አልኳት።

«ባዶ ግድግዳ ሥር ልተኛልሽ ነው?»

ከበሩ ኋላ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ምስማር መምታት ክልክል ነው፣ ግቢ ውስጥ ማረድ ክልክል ነው፣ ካልተመዘገበ እንግዳ ማስገባት ክልክል ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ይቺስ ከድሮዋ አከራያችን ትብሳለች!» አለችና ሥዕሉን መስኮቱ ላይ አቁማ፣ መጥረጊያዋን አንሥታ ወጣች። የቤቱ ጥበቃ ጧት የጠረገውን ግቢ እንደገና ጠረገችው። ጥበቃው አፍሮ «ኧረ ይተዉ እናቴ» ቢላት፣ «የራሴን ደጅ ልጥረግ እንጂ» አለችው። በመስኮት እያየሁ ሳቅሁ። ልጆቹ የስልክ ኔትወርክ ፍለጋ በረንዳውን ሲዞሩ፣ ባሌ የመታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ሙቅ ውኃ ሞልቶ ሲጠፋ፣ እሷ የዚያን ግዙፍ በር ቁልፍ መቀነቷ ላይ ቋጥራ ከደጁ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነበር። እንደዚያ ተረጋግታ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአጥሩ ውጭ የሽማግሌ ድምፅ ተሰማ።

«ቤቶች!»

ጥበቃው ሊነሣ ነው፣ እኔም ልነሣ ነው፣ እናቴ ቀደመችን።

«ደጆች!»

ጥርት ያለ፣ የልጃገረድ ድምፅ የመሰለ። ከየት አመጣችው? አሁን አሁን ጆሮዬ ላይ የሚመጣብኝ ያ ድምፅ ነው፤ ዕቃ ሳጥብ፣ ደረጃ ስወጣ፣ ዝም ብሎ ይመጣል። ያኔ ግን ምንም አልመሰለኝም።

የመጡት የመንደሩ የልደታ ማኅበር አለቃ ነበሩ፤ ማኅበርተኛው የዚህን ዓይነቱን አለቃ ሙሴ ነው የሚለው። እኛም እንደ አገሬው «አያ» አልናቸው። ነገ እንደ ልማዳቸው ከአጥሩ ውጭ፣ ከሾላው ሥር ልደታን እንደሚያከብሩና ጫጫታው እንዳይረብሸን ሊነግሩን ነው። «ምን ይረብሸናል አያ፣ ያባታችን ነው!» አለቻቸው እናቴ። እሳቸውም መርቀዋት ሄዱ።

ልደታ መቼም ደጅ ነው የምትከበረው። ሐና ድንግልን የወለደቻት ከቤቷ ወጥታ፣ ሊባኖስ ተራራ ላይ ነውና፣ ንፍሮው ውጭ ይቀቀላል፣ ውጭ ይበላል፣ ውጭ ይመረቃል። ቀኑ ዓርብ ቢሆንም በዓለ ኀምሳ ስለነበር ጾም የለም። ገና ከቀትር በፊት ከአጥሩ ወዲያ ጢስ ተነሣ፣ በግ ጮኸ፣ ሴቶች ተሳሳቁ። ዘወር ስል እናቴ የለችም። በመስኮት ሳይ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንዱን ድፎ ታቅፋ ከግቢው ወጥታለች። ተከትያት ወጣሁ።

ቦታ ሰጥተዋት ተቀምጣ ነበር። አንዲት እናት «ከየትኛው ቤት ነዎት እሜቴ?» ሲሏት ሰማሁ። እናቴም በአገጯ ወደ ድንጋዩ ቤት ጠቆመች።

«ከዚህ።»

ከዚህ! ትናንት በመጣንበት፣ ከነገ ወዲያ በምንወጣበት። በሽማግሌ ፊት እናት አትታረምምና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ንፍሮ በላን፣ ጠላ ጠጣን፣ ጨዋታው ደራ። ቀኑ ዘንበል ሲል አያ ተነሥተው ጽዋውን ከዚያ ዓመት ተረኛ ተረከቡ። በነጭ ጨርቅ የተሸፈነች የሸክላ ጽዋ ናት። ከፍ አድርገው አሳዩና «ለከርሞ ማን ያነሣታል?» አሉ። ሰው ተያየ። ሊያነሣ የታሰበው ቤት ሐዘን ገብቶበታል፣ አዝመራውም ደህና አልነበረም። ማንም ሳይነሣ እናቴ ብድግ አለች።

ነጠላዋን ከኋላ ጎተትኩ። አልዞረችም።

«እኔ አነሣለሁ» አለች። «ዓመት ያድርሰኝ እንጂ፣ እኔ አነሣለሁ።»

እልልታው ቀለጠ። ጽዋዋን በሁለት እጇ ተቀበለች።

ቤት እስክንገባ ድረስ ታገሥኩ። ከዚያ በሩን ዘግቼ ፈነዳሁ።

«እማ! ቤቱ እኮ የኪራይ ነው! እሑድ ቁልፍ እናስረክባለን!»

«አውቃለሁ። አላበድኩም።»

«ታዲያ ምነው? ምነው ጉድ ታደርጊኛለሽ? የአገር ጽዋ ይዘሽ የት ልትደግሺ ነው?»

ጽዋዋን ከሥዕሉ ሥር አስቀመጠች። ከዚያ ዘወር ብላ አየችኝ።

«ታዲያ ለድንግል ማርያም ‹ቤት የለኝም› ልበላት? እሱን ስላት ነው የኖርኩት። አንድ ቀን ‹ቤቴ ይኸው› ብላት ምን ይጎድልብሻል?»

ሆዴ ባባ። ባባ፣ ግን አፌን አልመለሰውም። «ውሸታም አደረግሽን» አልኳት። «በልደታ ቀን፣ በማርያም ጽዋ ላይ ዋሸሽ። ነገ ወስደሽ መልሺ።» ባሌ «ኧረ ተይ» አለ፤ እሱንም ገላመጥኩት። ሰባት ልጅ ወልዳ ሁለት የቀሩላትን ሴት፣ የራስ ጠጉሯ እንደ ጥጥ የነጣውን እናቴን፣ ውሸታም አልኳት። ምላሴን በቆረጠው!

ቅዳሜ ጧት ጽዋዋን ይዛ ስትወጣ በመስኮት አየኋት። ከሾላው ሥር ከአያ ጋር ቆመው ብዙ አወሩ። ስትመለስ ጽዋዋ ያው እጇ ላይ ነች።

«ምን አሉሽ?»

«ይያዙት አሉኝ።»

ሌላ አልጠየቅሁም፤ እሷም ሌላ አልነገረችኝም። እሑድ ስንወጣ ግቢውን ጠርጋ፣ በሩን ራሷ ቆልፋ፣ ቁልፉን ለጥበቃው አቀበለች። መኪናው ሲነሣ ዞራ አላየችም። እኔ ነኝ ያየሁት።

ጽዋዋ ጎንደር፣ በእናቴ ጠባብ ክፍል፣ ከሥዕሉ ሥር ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ያን ቤት ያዝሽልኝ?»

«ገና ነው እኮ እማ፣ አሁን መስከረም ነው።»

«ያዝሽልኝ?»

«እይዘዋለሁ አልኩሽ! ምን አስቸኮለሽ?»

አንድ ስልክ ብደውል የሚያልቅ ነገር ነበር። ለምን እንዳልደወልኩ እስካሁን ለራሴም አልገባኝም። ሥራ ነበረብኝ፣ የልጆች ፈተና ነበረብኝ፣ ደግሞ እውነቱን ልናገርና ትንሽ ቂምም ይዤ ነበር፤ አንድ ጊዜ በተናደድኩበት ነገር ቶሎ አልበርድም። እሷ ግን ጌሾዋን ገዝታ አሰጥታ፣ ስንዴዋን ለቅማ፣ በየከረጢቱ ቋጥራ ከአልጋዋ ሥር አስቀምጣ ነበር።

የካቲት ላይ ታመመች፣ መጋቢት ላይ ደከመች። መጨረሻዋ ሲቃረብ ሆስፒታል አልጋ ላይ ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋችው።

«ቤቱን ያዝሽው?»

«ይዤዋለሁ እማ» አልኳት።

«እሰይ» አለች። «እሰይ የኔ ልጅ። ጽዋዋ የሰው ናት፣ አደራ።»

አልያዝኩትም ነበር። እሷን ውሸታም ብዬ፣ የመጨረሻውን ውሸት የዋሸኋት እኔ ነኝ።

አርባዋን ካወጣሁ በኋላ ለቤቱ ባለቤት ደወልኩ። ለልደታ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ቤተሰቦች ከገና ጀምሮ ይዘውታል አለኝ። ለመንኩት። ለአንዲት ከሰዓት በኋላ ብቻ፣ በረንዳውን ብቻ፣ ደረጃውን ብቻ አልኩት። «እህቴ፣ እንግዶቼን እንዴት ብዬ ላስነሣ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ምን ይበለኝ። ስልኩን ዘግቼ የእናቴ አልጋ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አንድ ዓመት ሙሉ የለመነችኝ ነገር ይህች ነበረች።

ጽዋዋን ግን መመለስ ነበረብኝ። የእናቴ ማኅበርተኞች መጥተው በራሷ ጌሾ ጠላውን ጠመቁልኝ፣ በራሷ ስንዴ ዳቦውን ደፉልኝ። በልደታ ቀን በጧት ባሌና እኔ መኪና ተኮናትረን ወጣን። ጽዋዋን ጭኔ ላይ ይዤ መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳሰላስል ነበር። «እናቴ አሮጊት ነበረች፣ ተሳስታ ነው፣ ቤት የለንም፣ ይቅር በሉን።» ደግሜ ደጋግሜ አልኩት፤ አንዱም አልጣፈጠኝ።

ከአስፋልቱ ስንታጠፍ መንገዱ ሁለት ሆነብን። ባለፈው ዓመት በየትኛው እንደሄድን ጠፋን። አንዲት እንስራ ያዘለች ወጣት ሴት ስታልፍ፣ ባሌ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ስለ ድንጋዩ ቤት ጠየቃት።

«የባለጽዋዋ ቤት?» አለችው።

«የማን ቤት?» አልኩ እኔ ከኋላ።

«የባለጽዋዋ። ድሮ የጣሊያን ቤት ነበር የምንለው። አሁን የባለጽዋዋ ቤት ነው። በቀኝ ያዙት።»

መኪናው በቀኝ ያዘው። እኔ ግን ምንም አላይም ነበር፤ ዓይኔ በእንባ ተሞልቷል። ስምንት ቤት የለወጠች እናቴ! አንዱም በስሟ ያልተጠራላት! ሦስት ቀን ባደረችበት ቤት አገር በእሷ ይጠራው ጀመር።

ስንደርስ በግቢው ሁለት መኪና ቆሟል፤ በረንዳው ላይ የማናውቃቸው ልጆች ይሯሯጣሉ። አያ ከሾላው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከመኪናው ስወርድ ጥቁር ልብሴንና እጄ ላይ ያለችውን ጽዋ አንድ ላይ አዩ። ብድግ አሉ።

«እሜቴስ?» አሉና መልሴን ሳይጠብቁ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። «ነፍስ ይማር። እግዜር ያጥናሽ ልጄ።»

መንገድ ላይ ያሰላሰልኩትን ልናገር ጀመርኩ። «አያ፣ ይቅር ይበሉን፣ እናቴ ያኔ ስታነሣ ቤቱ የእኛ…»

«ነግረውኛል» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ቅዳሜውን ጧት ጽዋዋን ይዘው መጥተው ‹አያ፣ ዋሽቻለሁ፣ ቤቱ የኪራይ ነው፣ ነገ እንወጣለን› አሉኝ። አልቅሰው ነበር። እኛስ መች ጠፋን? በየሳምንቱ አዲስ መኪና ሲገባ ሲወጣ እናይ የለም ወይ? ያ ቤት ከታደሰ ወዲህ ከዚያ በር ወጥቶ ከእኛ ጋር ንፍሮ የቆረጠመ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ‹ልደታ ቤት አትጠይቅም፣ ደጅ ነው የተወለደችው፤ ይያዙት› አልኳቸው።»

«ለእኔ አልነገረችኝም» አልኩ።

አያ ትንሽ ፈገግ አሉ። «አይነግሩሽማ። ‹ለልጄ አልነግራትም› ነው ያሉኝ። ‹ቤት አያስፈልግም ካልኳት ለከርሞ አትከራይልኝም። እኔ ደግሞ ያን ቤት አንድ ጊዜ እፈልገዋለሁ፣ በሩ ላይ ቆሜ እናንተን ግቡ ልበላችሁ› ብለው ሳቁ።»

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ባሌ ትከሻዬን ይዞ ዝም አለ፤ ያን ዕለት ዝምታው ጠቀመኝ። ቤት እንደማያስፈልጋት እያወቀች፣ በየወሩ «ያዝሽልኝ?» ስትለኝ የነበረው ለጽዋዋ አልነበረም። ለራሷ ነበር። በዕድሜዋ ለራሷ ብላ የለመነችኝ አንድ ነገር፣ እሱንም ነፈግኳት።

የጠላውን ጋን ከሾላው ሥር አወረድን። ቄጤማ ጎዘጎዝን፣ ዳቦውን ደረደርን፣ ጽዋዋን በነጭ ጨርቋ ከግንዱ ሥር አኖርን። ሥዕሉን ይዤ መጥቼ ነበርና ከጽዋዋ በላይ ካለች ባላ ላይ አቆምኩት። ጀርባዬን ለድንጋዩ አጥር ሰጠሁ። ሁሉ ነገር ሲሰናዳ ማኅበርተኛው አልተቀመጠም። ሴቱም ወንዱም ተያይተው ከአያ ኋላ ወደ መንገዱ ራቅ ብለው ሄዱ። ምን አስቀየምኳቸው ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ተረኛዋ ዘንድ እንደ እንግዳ ሊመጡ ኖሯል። ተመልሰው መጡ፤ አያ ከፊት፣ በትራቸውን ይዘው። ከቄጤማው ጫፍ ሲደርሱ ቆሙ። በርም አጥርም በሌለበት ቆመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተጣሩ።

«ቤቶች!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። አያ ጠበቁ። እናቴ አፏን ከፈት አድርጋ መልሳ ስትገጥመው ታየችኝ። ከአጥሩ ወዲያ የተከራዮቹ ልጆች ይስቃሉ። ነጠላዬን አስተካክዬ ቀና አልኩ።

«ደጆች!» አልኩ።

ድምፄ እንደ እሷ ጥርት አላለም፣ ተሰባበረ። ግን ተሰማ።

«ግቡ» አልኳቸው፤ «ግቡ፣ የእናቴ ቤት ነው።»

ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።